በቀለሜው ላይ ነው ወይስ ከቀለሜው ጋር የምንስቀው?

በዚህ ዕትም የምናነሳው ነገር መነሻው ፊልም ነው፤ መድረሻው ግን ክፍል ውስጥ ስለሆነ ለትምህርት ገጻችን ባዳ አይደለም። በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኒው ሀልፋ አካባቢ ያለው ካምፓችን ድረስ የመጣው «ዘ ቢግ ባንግ ቲዎሪ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ፣ ተማሪዎቻችንንም እኛ መምህራንንም ለሁለት ከፍሎናል። ግማሹ «ሆዳችንን ይዘን ሳቅን» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ይሄ እኮ የተማረን ሰው መሳለቂያ ማድረግ ነው፤ ለልጆች ባይታይ ይሻላል» ባይ ነው። ክርክሩ ከማሳያው ራኩባ ወጥቶ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ስለደረሰ፣ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ መርምረን የበኩላችንን ለማለት ተነሳን።

ታሪኩ ባጭሩ

ላላያችሁት ነገሩ ወዲህ ነው። ድራማው በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ጀምሮ በግንቦት 2019 አለቀ። 12 ዙር፣ 279 ክፍል ሆኗል። ደራሲዎቹ ቸክ ሎሪና ቢል ፕራዲ ናቸው። ታሪኩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና በምትባል ከተማ በሚኖሩ አራት ወጣት የሳይንስ ሰዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ሼልደንና ሌናርድ የፊዚክስ ዶክተሮች ናቸው፤ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ራጅ ከሕንድ የመጣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። ሃዋርድ ኢንጂነር ነው። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ፔኒ የምትባል፣ ኮሌጅ ጀምራ ያቋረጠች፣ ተዋናይት ለመሆን እያለመች በአስተናጋጅነት የምትሠራ ልጅ ትኖራለች። በኋላ ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች፣ በርናዴትና ኤሚ፣ ይጨመራሉ።

ሼልደንን የሚጫወተው ጂም ፓርሰንስ በዚህ ሥራው አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ድራማው ግን በምርጥ ኮሜዲ ዘርፍ ተደጋግሞ ቢታጭም አንድም ጊዜ አላሸነፈም። እንግዲህ መከፋፈሉ የእኛ ካምፕ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሕዝብ በሚሊዮን እየተቆጠረ ሲያየው፣ ብዙ ሐያሲና ብዙ የሳይንስ ተማሪ ፊቱን አዙሮበታል።

ቀለሜ የሚለው ቃል

እንደ ሼልደን ያለውን ሰው እኛ «ቀለሜ» ወይም «ቀለሜዋ» እንለዋለን። ቃሉ ከቀለም የመጣ ነው። አባቶቻችን የተማረን ሰው «ቀለም የቀመሰ» ሲሉት አክብሮት ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቀለሜ» ሲባል ግን ግማሹ አድናቆት ግማሹ ፌዝ ነው፤ «ጎበዝ ነህ» እና «ከደብተር ሌላ የምታውቀው የለም» የሚሉት ሁለቱም በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። ድራማውም እንደዚሁ ነው። አንዱ ተመልካች አድናቆቱን ይሰማል፣ ሌላው ፌዙን። ሁለቱም የሰሙት እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ክርክሩ ቶሎ የማያልቀው።

የቆሎ ተማሪውን ደግሞ እናስታውስ። ደበሎ ለብሶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ ነበር። መንደርተኛው ይቀልድበታል፣ ልጆች ይስቁበታል። ቁራሹን ግን አይነፍጉትም። ነገ መሪጌታ ወይም የቅኔ መምህር ሆኖ እንደሚመለስ ያውቃሉና። በተማረ ሰው መሳቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄው ከሳቁ በኋላ ቁራሹ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ነው። ድራማውንም በዚሁ መለኪያ እንየው።

ሳቁ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው የመከፋፈል ምክንያት ሳቁ ራሱ ነው። ድራማው ስቱዲዮ ውስጥ በሕዝብ ፊት የሚቀረጽ ስለነበር፣ ተዋናዩ በተናገረ ቁጥር የተመልካቾች ሳቅ ይሰማል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ አንዳንዴ ሼልደን ቀልድ ሳይናገር፣ እንዲያው የፊዚክስ ቃል ብቻ ጠርቶ ሳቁ ይፈነዳል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ማወቁ ራሱ እንደ ቀልድ ተቆጠረ ማለት ነው። የሚቃወሙት ሰዎች ዋነኛ ነጥብ ይህ ነው፤ በጎ ነጥብም ነው።

ነገር ግን ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን። አንዳንድ ሰዎች ሳቁን ከድምፁ ቆርጠው አውጥተው «አያችሁ፣ ምንም አያስቅም፤ ጭካኔ ብቻ ነው» ብለው በኢንተርኔት አሳይተዋል። ይህ ትክክለኛ ፈተና አይደለም። ተዋናዮቹ እኮ ተመልካቹ ስቆ እስኪጨርስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሳቁ ሲወጣ ባዶ ዝምታ ይቀራል። ከበሮውን አስቁሞ «እስክስታው ምነው ጎደለው?» እንደማለት ነው።

ደግሞ ሳይንሱን በዋዛ አልያዙትም። ቤታቸው ውስጥ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቀመር የውሸት ጭረት አይደለም፤ ዴቪድ ሳልትዝበርግ የሚባሉ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የድራማው አማካሪ ሆነው ያዘጋጁትና ያርሙት ነበር። ኤሚን የምትጫወተው ማይም ቢያሊክ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በኒውሮሳይንስ ዶክትሬቷን የወሰደች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የድራማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሳይንስና ሒሳብ ነክ ትምህርት ለሚማሩ ችግረኛ ተማሪዎች የስኮላርሺፕ ፈንድ አቋቁመዋል። እንግዲህ ቁራሹ ተሰጥቷል ማለት ይቻላል።

እኛ ራኩባ ውስጥ እንዴት ታየ?

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ትርጉም በአረብኛ፣ ተመልካቹ ደግሞ በአማርኛና በትግርኛ የሚያስብ ነው። ስለዚህ ሳቅ በሦስት ዙር ይመጣል። መጀመሪያ እንግሊዝኛ የሚሰሙት ይስቃሉ። ቀጥሎ አረብኛውን ማንበብ የሚችሉት፣ በተለይ እዚህ ሱዳን የተወለዱት ልጆች፣ ይስቃሉ። በመጨረሻ የቀረነው ሌሎቹ ስለሳቁ እንስቃለን። አንዳንዱ ደግሞ ጮክ ብሎ ቀድሞ የሚስቀው እንደገባው ለማሳየት ነው፤ ይህ እንግዲህ ሼልደንን ራሱን መሆን ነው! ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ የሚሰማው በሼልደን መሳቁን ሳይሆን በእርሱ መሳቁን ነው። አንድን ድራማ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተው አንዱ ደስ ብሎት፣ ሌላው አኩርፎ የሚወጣው በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው።

ሃዋርድና ፔኒ

ከእኛ መሐል ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የተሰደድን መምህራን ብዙ ነን። እኛን ያላሳቀን፣ እውነቱን ለመናገር የቆረጠን፣ የሃዋርድ ነገር ነው። ሃዋርድ ከኤምአይቲ ማስተርስ ያለው ኢንጂነር ነው፤ ዶክትሬት ግን የለውም። ሦስቱ ጓደኞቹ «ዶክተር» ሲባሉ እርሱ «ሚስተር» ይባላል። ሼልደን ይህን በየጊዜው ያነሳበታል። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ2012 በታየው ክፍል ጠፈር ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ ቢመለስም ያው «ሚስተር» ነው።

እዚህ ላይ የሚከፋ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ወረቀት ያልያዘ መምህር «እናንተ ኢንሴንቲቭ ናችሁ እንጂ አስተማሪ አይደላችሁም» ተብሎ ያውቃልና። ነገር ግን ደራሲዎቹ እዚህ ላይ ማንን እያሳቁብን ነው? ደጋግመን ስናየው፣ መሳቂያው ሃዋርድ አይደለም፤ ሼልደን ነው። አንድን ሰው ጠፈር ደርሶ እንኳ ከወረቀቱ በላይ ማየት ያልቻለ ምሁር፣ የሚያስቀው እርሱ ነው። ይህንን ያየ ተመልካች ድራማውን ይወደዋል፤ ስድቡን ብቻ የሰማ ይጠላዋል።

የፔኒ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአምስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ሴቷ እርሷ ብቻ ነበረች፤ ያልተማረችውም እርሷው ናት። የእርሷ ድርሻ ወንዶቹ ሲናገሩ አለመግባት ነበር። ደግሞ አንድ ነገር አስተውላችሁ ከሆነ፣ ዶክተሮቹ ሁሉ የአባት ስም አላቸው፤ ፔኒ ግን ሌናርድን አግብታ የእርሱን ስም እስክትወስድ ድረስ የአባቷ ስም አንድም ቀን አልተነገረም፤ በ279 ክፍል ውስጥ! እኛ እንኳ በራሽን ካርዳችን ላይ ከነአባታችን ከነአያታችን ተጽፈናል። ዲግሪ የሌለው ሰው የአባት ስም የማያስፈልገው ሆኖ ከታየ፣ ደራሲዎቹ ሳያስቡት የተናገሩት ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ያልነው ፔኒ ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ እንዲያውም ሰው እንዴት እንደሚቀረብ፣ የታመመ ልብ እንዴት እንደሚጠገን ለእነዚያ ሁሉ ዶክተሮች የምታስተምረው እርሷ ናት። ታዲያ አስተማሪያቸው ከሆነች የአባቷን ስም ምነው ቢነግሩን?

እኛስ በምሁር አልሳቅንም?

«ነጮች የተማረ ሰው አያከብሩም» የሚል አስተያየትም ሰምተናል። ይህ አያስኬድም። የእኛ ተውኔት ከእነርሱ ቀድሞ በቀለሜ ስቋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥቱ ለማ የደረሷቸውን ሁለት ኮሜዲዎች እንውሰድ። «ጠልፎ በኪሴ» ውስጥ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሴት ቀርቦ ማነጋገር ስለሚቸግረው ጓደኞቹ በጥንቱ በጠለፋ እንዲያገባ ይገፋፉታል። ሴት ፊት አፉ የሚተሳሰረው ራጅ ከመታሰቡ 40 ዓመት በፊት ማለት ነው! «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ደግሞ ውጭ የተማረ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ገጠር ገብቶ ሕዝብ ሊያገለግል ይነሳል፤ የቤት ሠራተኛውንም ሊያገባ ሲል ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? መንግሥቱ ለማ ራሳቸው ቀለሜ ነበሩ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፤ እርሳቸውም በአገር ቤቱ ትምህርት አልፈው ለንደን ድረስ ሄደው ተምረዋል። በተማረው ሲስቁ በራሳቸውና በጓደኞቻቸው ነበር የሳቁት። ያልተማረችው የቤት ሠራተኛ ደግሞ የሳቁ መጣያ አልሆነችም፤ ተውኔቱ ክብሯን ይጠብቅላታል። የውስጥ ሰው ሲስቅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። የአሜሪካኑ ድራማም የሚያምረው አራቱ ጓደኛሞች እርስ በርስ ሲቀላለዱ ነው፤ የሚበላሸው ከውጭ የቆመ ሰው ጣቱን ሲቀስር ነው።

ይህን የውጭ ሰው ሳቅ ጎረቤቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የኒው ሀልፋ ሐልፋውያን እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ ዋዲ ሐልፋን ሊውጣት ሲል ወደዚህ እንዲሰፍሩ የተደረጉ ኑቢያውያን ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በካይሮ ቲያትርና ሲኒማ ዓሊ አል ካሳር የተባለ ዝነኛ ኮሜዲያን ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ «ዑስማን አብደል ባሲጥ» የሚባል የኑቢያ ሰው ሆኖ ይጫወት ነበር። የካይሮ ሰው በጣም ወደደው። ኑቢያዊው ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ አባቱን፣ ካይሮ በር ጠባቂ ወይም አሽከር ሆኖ የሚያድረውን፣ ያያል። እኛም ሱቅ ሄደን በአረብኛ ወንድ የሆነውን ነገር ሴት አድርገን ስንጠራ ሳቅ ይነሳል፤ አንዳንዱ ሳቅ አብሮን የሚስቅ ወዳጅ ነው፣ አንዳንዱ ያባርራል። በራጅ አነጋገር ሲሳቅ ከመካከላችን ፊታቸው የሚጠቁረው ሰዎች «ቀልድ አይገባቸውም» ሊባሉ አይገባም። ቀልዱ ገብቷቸዋል፤ እንዲያውም ከሁላችን በላይ።

ክፍል ውስጥ የገባው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ድራማው መታየት ከጀመረ ወዲህ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ሼልደን» የሚል ስም ወጥቶላታል። በሒሳብ ጎበዝ ናት። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ እጇን ስታወጣ ከኋላ እንደ ቴሌቪዥኑ ሳቅ ይለቀቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጇን ማውጣት አቆመች፤ መልሱን ግን ደብተሯ ላይ ጽፋ ትቀመጣለች። በሌላ በኩል ደግሞ በጎልማሳነቱ ትምህርት የጀመረ፣ ቀን እርሻ ላይ በቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚማር ተማሪ አለን። ሲያነብ ቀስ ይላል። እርሱ ላይ የሚስቁት ደግሞ ቀለሜዎቹ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ተማሪዎች የድራማው ሁለት ወገኖች ናቸው። በቀለሜው የሚስቅ ክፍል አንድ ጎበዝ ያጣል። ቀለሜው በሌሎቹ የሚስቅበት ክፍል ግን ሃያ ሠላሳ ተማሪ ያጣል። እኛ ደግሞ የምናጣው ትርፍ ሰው የለንም። ቤት፣ ከብት፣ መሬት ጥለን ነው የመጣነው፤ ሳይወረስ ሳይዘረፍ ድንበር የተሻገረው ራሳችን ውስጥ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ሱዳን ራሷ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ የስንቱ ትምህርት ቤት በር እንደተዘጋ፣ ስንቱስ ክፍል የተፈናቃይ ማደሪያ እንደሆነ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እጇን ያወረደች ተማሪ ቀላል ነገር አይደለችም።

የእኛ ፍርድ

ታዲያ ድራማው ይታገድ ወይ? እኛ አይታገድ እንላለን። ምክንያታችንም የመጨረሻው ክፍል ነው። ሼልደንና ኤሚ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኛሉ። ኤሚ መድረኩ ላይ ቆማ ሳይንስ የሚመኙ ልጃገረዶች እንዲገፉበት ታበረታታለች። ሼልደን ደግሞ የጻፈውን ረጅም ንግግር ወደ ጎን ይተውና፣ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቶ ከመቀመጫቸው እንዲነሱ ይጠይቃል፤ ያመሰግናቸዋልም። «ሚስተር» የተባለው ሃዋርድም፣ ኮሌጅ ያልጨረሰችው ፔኒም ቆመዋል። ያ ሁሉ ጭንቅላት ያለው ሰው ብቻውን እዚያ እንዳልደረሰ ለማወቅ 12 ዓመት ፈጀበት። ይህን ክፍል ያየ ተማሪ ድራማው የሚያሾፈው በዕውቀት ሳይሆን ሰው ባጣ ዕውቀት መሆኑን ይረዳል። ችግሩ፣ ፍላሹ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ሳቁ የሚበዛባቸው፣ ምስጋናው ገና ያልደረሰባቸው ናቸው።

ስለዚህ ለመምህራን ባልደረቦቻችን ያለን ሐሳብ እንዲህ ነው። ድራማው ይታይ፤ ግን ከእኛ ጋር ይታይ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከታዩ የመጨረሻውም ይፈለግና ይታይ። ሳቅ ሲነሳ አንዳንዴ ላፕቶፑን አቁመን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ላይ ነው የሳቅነው? እርሱ አብሮን ቢቀመጥ ኖሮ ይስቅ ነበር ወይ? የተጠራው የሳይንስ ቃልስ ምን ማለት ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ተማሪ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ «ቀለሜ» የሚለው ስም ወደ ጥንት ክብሩ ይመለሳል። እንግሊዝኛው የገባው ላልገባው በአማርኛም በትግርኛም ይተርጉም፤ ቀድሞ ከመሳቅ አብሮ መሳቅ ይበልጣልና።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ከእኛ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እንደምትኖሩ እናውቃለን። በተለይ ድራማውን አጥብቃችሁ የምትጠሉት፣ ለምን እንደምትጠሉት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል አለቃችሁ ስጡልን፤ ለሚቀጥለው ዕትም እንጠቀምበታለን። በየትኛው ቋንቋ እንጻፍ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በፊደል ስሕተት የሚስቅባችሁ የለም።